ዓይን ለአንድ ሐኪም፣ አንጀት ለሌላው

በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ከሱዳን፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ለአገሬው ሐኪሞች እንግዳ የሆኑ ሕመሞችን ይዘው ነበር፤ የአንጀት ትላትል፣ ብልሃርዝያ፣ ወባ፣ ቲቢ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክሮንና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ግን አብረዋቸው አልገቡም። በአንድነት የአንጀት ብግነት የሚባሉት እነዚህ ሁለት ሕመሞች የታዩት ቆይተው ነው። የእስራኤል የአንጀት ሐኪሞች ከማኅበረሰቡ የመጡ ሕመምተኞችን ሰብስበው ሲያጠኑ ሁለት ነገር ጎልቶ ወጣ፤ በአብዛኞቹ ላይ የተገኘው ክሮን ነበር፤ ሕመሙ የታወቀላቸውም እስራኤል ገብተው ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው።

ብዙዎቹ በኖሩበት በጎንደር ገጠር አንጀትን በካሜራ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ስላልነበረ ሳይታወቅ ያለፈ ሕመምተኛ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሕንድና ከአካባቢዋ ወደ እንግሊዝ የሄዱ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ከአገራቸው ይልቅ በሄዱበት፣ ከወላጆቹም ይልቅ እዚያ በተወለዱት ልጆች ላይ በሽታው በርክቷል። ምግቡ፣ ውኃው፣ በልጅነት የሚወሰደው አንቲባዮቲክ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መለወጥ፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ። የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ክርክሩ ገና አላለቀም።

ስለ አንጀቱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ የእነዚሁ ሰዎች ዓይን ነው። የአንጀት ብግነት ካለባቸው ሰዎች መካከል በተለያዩ ጥናቶች ከ4 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑት ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ የዓይን ሕመም ያጋጥማቸዋል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የኒው ዮርኩ ሐኪም በሪል ክሮን በኮላይቲስ ሕመምተኞች ላይ ያየውን የዓይን ጉዳት የጻፈው በ1925 ነው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለዓለም ያስተዋወቀው ግን ከሰባት ዓመት በኋላ በ1932 ነው። ሕክምናው ዓይኑን ካወቀ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ያም ሆኖ ዛሬም አንድ ሰው ለአንጀቱ አንድ ሐኪም ዘንድ፣ ለዓይኑ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል፤ ሁለቱ ሐኪሞች ግን ላይነጋገሩ ይችላሉ። ይህ ክፍተት በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ ከሌላው ይበልጥ ይሰፋል። አዲሶቹ የአንጀት መድኃኒቶችም እያጠበቡት አይደለም።

በመጀመሪያ ዓይን ላይ ምን እንደሚደርስ እንይ። ቀላሉ ኤፒስክለራይቲስ ይባላል። የዓይን ነጩ ክፍል ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይቀላል፣ ይቆረቁራል፤ እይታ ግን አይቀንስም። ብዙ ጊዜ አንጀቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ አንጀቱ ሲረጋ እሱም ይረጋል። ስለዚህ ዓይኑ የቀላበት የኮላይቲስ ሕመምተኛ አንጀቱም እየተነሳበት እንደሆነ መጠርጠር አለበት። ከዚህ የጠለቀው ስክለራይቲስ ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እስከ ግንባርና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም አለው፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ሐኪም ሁለቱን የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ። ፌኒልኤፍሪን የተባለ ጠብታ ሲደረግ የኤፒስክለራይቲስ ቅላት ይነጣል፣ የስክለራይቲስ ቅላት ግን እንዳለ ይቀራል።

እጅግ የሚያስፈራው ግን የዓይን ውስጠኛው ክፍል ብግነት የሆነው ዩቪያይቲስ ነው፤ ምክንያቱም የአንጀቱን ጠባይ አይከተልም። አንጀት ተኝቶ፣ ሰውየው ሥራውን እየሠራ፣ ዓይኑ ውስጥ ብግነት ሊጀምር ይችላል። በ1997 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከጀርባ አጥንት ብግነት ጋር የሚመጣውን ዩቪያይቲስ ከአንጀት ብግነት ጋር ከሚመጣው አነጻጽሮ ነበር። የመጀመሪያው ድንገተኛ ነው፤ አንድ ዓይን ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ሰውየውም ሮጦ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ከአንጀት ጋር የሚመጣው ግን በብዛት ሴቶችን ይይዛል፤ ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ዓይን ይዞ፣ ከሌንሱ ጀርባ ዘልቆ ይከርማል። አንዳንዴ ዓይኑ አይቀላም እንኳ። ሕመምተኛዋ የምታየው ብዥ ያለ ነገር፣ በዓይኗ ፊት የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ወይም የሚያስጨንቅ ብርሃን ብቻ ሊሆን ይችላል። የመነጽሬ ቁጥር ተለወጠ ብላ ወራት ታሳልፋለች።

ይህ በዓይን ክሊኒክ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ይጠቅማል። ሕመምተኛዋ አገጯን በማሳረፊያው ላይ ታኖራለች፣ ግንባሯን ወደ ፊት ታስጠጋለች፣ ክፍሉ ይጨልማል። ሐኪሟ ስሊት ላምፕ የተባለውን ማጉያ መሣሪያ ብርሃን አቅጥና ከጎን ታስገባለች። ጤነኛ ዓይን ሲሆን ከኮርኒያው ጀርባ እስከ አይሪስ ድረስ ያለው ውኃ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ሲያልፍበት አይታይም። ዩቪያይቲስ ሲሆን ግን በጨለማ ቤት በቀዳዳ በገባ ፀሐይ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ ትቢያ ነጫጭ ሕዋሳት ሲዋኙ ይታያሉ። ሐኪሟ ትቆጥራቸዋለች። ጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር በሆነ የብርሃን ክፈፍ ውስጥ ከ6 እስከ 15 ከሆኑ አንድ ፕላስ፣ ከ50 ካለፉ አራት ፕላስ ብላ በካርዱ ላይ ትጽፋለች። ቀጥላ የምታየው የብሌኑን ቅርጽ ነው። ብግነቱ ከቆየ አይሪስ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፤ ክብ የነበረው ብሌን ይጣመማል። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ቶሎ የሚታዘዘው ይህ መጣበቅ እንዳይመጣ፣ ከመጣም ገና ሳይጠነክር እንዲላቀቅ ነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው የዓይን ነርቭ ነው፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ለመሆኑ አንጀትና ዓይንን ምን አገናኛቸው? በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት የራሔል ካስፒ ቡድን በ2015 ያሳተመው የአይጥ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። በተፈጥሯቸው ዩቪያይቲስ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሬቲናን የሚያጠቁት የመከላከያ ሕዋሳት የሚነቁት አንጀት ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ የሚያነቃቸውም እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። በአንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹ ሲቀነሱ የዓይን ሕመሙም ቀለለ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ከዚህ ተነስቶ በአንቲባዮቲክ ዓይን እናክም ማለት ስሕተት ይሆናል። ጥናቱ ያሳየው ዓይንን የሚያቆስል ሕዋስ ጦርነቱን ከዓይን ርቆ ሊማር እንደሚችል ነው።

አሁን ወደ እኛ ልማድ። ኢትዮጵያ በትራኮማ በዓለም ከሁሉ የበለጠውን ሸክም የተሸከመች አገር ናት። ዓይን ቀላ ሲባል ቴትራሳይክሊን ቅባት የሚታሰበው ትራኮማ በእርግጥ ብዙ ዓይን ስላጠፋና ቅባቱም ብዙ ዓይን ስላዳነ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ አሜባ ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ይውሰድ የሚባለውም እንዲሁ መሠረት አለው፤ አሜባ በእርግጥ አለ። እነዚህ ልማዶች ከድህነትና ከልምድ የተገኙ የማዳኛ ዕውቀቶች ናቸው፣ አልነቅፋቸውም። የሚጎዱት ተላላፊ ባልሆነ ብግነት ላይ ሲውሉ ነው። ሜትሮኒዳዞል ለጊዜው አንዳንድ የክሮን ሕመምተኛን ሊያሻለው ስለሚችል ምርመራው ይዘገያል። የዓይኑ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ የዩቪያይቲስን ቅላት በሁለት ቀን ያጠፋል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ጠብታውን ያቆማል፣ ብግነቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይገዛል። በዚህ መሐል የዓይን ግፊቱን የለካ ሰው የለም። ቅላቱ ከሄርፐስ ቫይረስ የመጣ የኮርኒያ ቁስል ከሆነ ደግሞ ያው ጠብታ ቁስሉን ያሰፋዋል።

ቲቢ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የአንጀት ቲቢና ክሮን ሁለቱም የሚወዱት የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው፤ በኮሎኖስኮፒ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሁለቱም ግራኑሎማ የሚባል የሕዋሳት ክምችት ሊያሳዩ ይችላሉ። ቲቢ ዩቪያይቲስም ያመጣል። እንግዲህ ከኢትዮጵያ የመጣች፣ ሆዷን የሚቆርጣት፣ ክብደት የቀነሰች፣ ዓይኗ የደበዘዘባት ሴት ፊት ያለ ሐኪም ሁለት መንገድ አለው። ለቲቢ ብሎ ወራት የሚፈጅ መድኃኒት ቢጀምርና በሽታው ክሮን ቢሆን አንጀቱ እየጠበበ፣ ዓይኑ እየተጎዳ ይሄዳል። ክሮን ነው ብሎ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ቢሰጥና በሽታው ቲቢ ቢሆን ቲቢው በሰውነቷ ሁሉ ሊሰራጭ ይችላል። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብን የመሳሰሉ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች የተኛ ቲቢን እንደሚቀሰቅሱ በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ የሐኪሙ ጥንቃቄ አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው የዓይኑንና የአንጀቱን መረጃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጥ መወሰኑ ነው።

በእስራኤል ሕግ ከ1995 ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ የጤና ድርጅቶች፣ የእኛ ሰዎች ኩፓት ሆሊም ከሚሏቸው፣ የአንዱ አባል ነው። ሐኪሙ አለ፣ መሣሪያው አለ፣ መድኃኒቱም አለ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ጥያቄውና መልሱ የሚያልፍበት አንደበት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል እናስብ። እናት በዓይን ሐኪም ፊት ተቀምጣለች፤ የሚያስተረጉመው የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ነው።

«እማዬ፣ ሌላ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ትላለች።»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በላት።»

እናቲቱ ለወራት በቀን ብዙ ጊዜ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ ደምም አይታለች። ይህን በወንድ ልጇ አፍ ለማን ትናገር? ጨዋ ሆና ያደገች ሴት ስለ ሰገራ በልጅ ፊት አታወራም። ሐኪሟም ዓይን ሐኪም ናትና ስለ ሆድ በስሙ ለይታ አልጠየቀችም። እናቲቱ ዋሸች አይባልም፤ ልጁም የቻለውን አድርጓል። በካርዱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ሕመም የለም የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ካርዱን የሚያነብ ሐኪም ሁሉ ይህን እውነት አድርጎ ይቀበላል። የኢትዮጵያውያንን ጤና ይዞ የሚሠራው ጤነ ብሪኡት የተባለ ማኅበር በስልክ የአማርኛ ማስተርጎም ሥራ ማስፋፋቱ እንዲህ ላለው ክፍል ነው የጠቀመው፤ በስልክ ውስጥ ያለች የማታውቃት ሴት ከገዛ ልጇ ይልቅ ለዚህች እናት ትቀርባለች። ማንም የቤተሰብ አባል፣ በተለይ ልጅ፣ በእንዲህ ያለ ምርመራ አስተርጓሚ ሊሆን አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጥያቄ አለመጠየቁ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2015 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ከአንጀት ውጭ ምልክት ካሳዩት ሕመምተኞች ከአራቱ በአንዱ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የታየው የአንጀት በሽታው ከመታወቁ በፊት መሆኑን አሳይቷል። መገጣጠሚያ፣ ቆዳ፣ ዓይን፤ እነዚህ ቀድመው የሚናገሩበት ጊዜ አለ። ዩቪያይቲስ ደግሞ ከመገጣጠሚያ ሕመምና በቅልጥም ላይ ከሚወጡ ቀያይ የሚያሙ እብጠቶች ጋር አብሮ መምጣት ይወዳል። ዓይኗ የደበዘዘባት ሴት ጠዋት ስትነሳ ወገቧ እስኪፍታታ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ወይ፣ ቅልጥሟ ላይ እብጠት ወጥቶ ያውቃል ወይ፣ ተቅማጡ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው ብሎ መጠየቅ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ የማየው መሻሻል እውነተኛ ነው፤ አንድ ጎኑ ግን ያሳስበኛል። ድሮ የነበረው ፕሬድኒሶሎን ነው። አንጀትንም ዓይንንም በአንድነት ያበርዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን በራሱ የዓይን ሞራና የዓይን ግፊት ያመጣል። በ1998 ኢንፍሊክሲማብ ለክሮን ሕመምተኞች ሲፈቀድ ዘመን ተለወጠ። ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው አዳሊሙማብ በ2007 ለክሮን፣ በ2016 ደግሞ ተላላፊ ላልሆነ መካከለኛና ኋለኛ ዩቪያይቲስ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ አንድ መርፌ ለአንጀትም ለዓይንም ሆነ። ተመሳሳይ ቅጂዎቹ በአውሮፓ ከ2018 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ገበያ ላይ መዋላቸው ዋጋውን ቀንሶታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢታነርሴፕት የተባለው መድኃኒት ቲኤንኤፍን የሚያግድ ቢሆንም ለክሮን አይሠራም፤ ዩቪያይቲስ እንዳስነሳም በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የመገጣጠሚያ ሐኪም፣ የአንጀቱንና የዓይኑን ታሪክ ሳያውቅ፣ ለወገብ ሕመም ሊያዝዘው ይችላል። ይህ ሦስተኛው ሐኪም ነው።

ከ2014 ወዲህ ግን የመድኃኒት ሥራ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ቬዶሊዙማብ የተሠራው ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንጀት እንዳይገቡ ብቻ ለመከልከል ነው። ሌላውን አካል ስለማይነካ ኢንፌክሽን የማስነሳት አደጋው ያንሳል፤ ቲቢ ለበዛባቸው አገሮች ሰዎች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን አንጀትን ብቻ የሚጠብቅ መድኃኒት ዓይንን ይጠብቃል ብሎ መተማመን አይቻልም። በኢንፍሊክሲማብ አንጀቱም ዓይኑም የተረጋጋለት ሰው፣ ሐኪሙ ስለ ዓይኑ ሳያውቅ ወደ ቬዶሊዙማብ ቢያዛውረው፣ የሆዱ ውጤት ያማረ ሆኖ ዓይኑ ሊነሳበት ይችላል። ለአልሰራቲቭ ኮላይቲስ በ2021 የተፈቀደው ኦዛኒሞድና በ2023 የተፈቀደው ኤትራሲሞድ ደግሞ ራሳቸው ማኩላ በተባለው የሬቲና መሐል ላይ እብጠት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ዩቪያይቲስ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ አደጋው ከፍ ይልበታል። ከመጀመራቸው በፊት ዓይን መታየት አለበት የሚለው ማሳሰቢያ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። በአማርኛ ለሚያነብ ሕመምተኛ ማን ነግሮታል?

አንድ የተረሳ ነገርም አለ። የትንሽ አንጀቱ ረጅም ክፍል በቀዶ ሕክምና የወጣለት የክሮን ሕመምተኛ ስብን በደንብ ስለማይመጥ ቫይታሚን ኤ ሊያጥረው ይችላል። አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት፣ ከመሸ በኋላ መንገድ የማያሳይ ሕመም፣ በዚህ በኩል በቴል አቪቭም በዋሽንግተንም ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የደም ምርመራ ያዘዘ ሰው ካለ።

በኢትዮጵያ ውስጥ ሁኔታው ሌላ ነው። የአንጀት ስፔሻሊስትና ኮሎኖስኮፒ በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች የተወሰኑ ናቸው፤ ዩቪያይቲስ የሚያክም የዓይን ሐኪምም እንደዚሁ። ስለዚህ እዚያ መጀመር ያለበት ከዓይን ክሊኒኩ ይመስለኛል። ዩቪያይቲስ የተመላለሰበት፣ የቲቢና የቶክሶፕላዝማ ምርመራው አጥጋቢ መልስ ያልሰጠ ወጣት ሲመጣ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ደም፣ ስለ ክብደት መቀነስና ስለ ፊንጢጣ ፊስቱላ በግልጽ፣ ብቻውን፣ ይጠየቅ። መልሱ አዎ ከሆነና ካልፕሮቴክቲን የተባለው የሰገራ ምርመራ በሚገኝበት ከተማ ካለ ያሠራ፤ ምርመራው አንጀት ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማል። ኮሎኖስኮፒ ለማን ይቅደም የሚለው ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

ውጭ ላለው ደግሞ ከሐኪሙም ከሕመምተኛውም የሚጠበቅ አለ። የአንጀት መድኃኒት ከመመረጡ ወይም ከመለወጡ በፊት ዓይኑ ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ዓይን የሚያክመውም ሕመምተኛው የሚወስደውን የአንጀት መድኃኒት ስም ከነመጠኑ በካርዱ ላይ ያስፍር። ሕመምተኛውም የመድኃኒቶቹን ስም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሁለቱም ያሳይ፤ ዓይኑ ሲታመም፣ ብርሃን ሲያስጨንቀው ወይም እይታው ሲደበዝዝ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይታይ፤ ቤት ውስጥ የተረፈ ጠብታ ካለውም አይጨምር።